ገና በጎንደር ቤት፦ ስለ ጾሙ፣ ስለ በጉ፣ ስለ ውሻውና ስለ እንግዳው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጥያቄው ይበዛል። አንዱ ስለ ገሃድ ይጠይቃል። ሌላዋ ስለ በግ ዋጋና ስለ ሽንኩርት። ስለ ውሻውና ስለ ድመቷ ግን ቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ነገሩ ትዝ የሚለው በበዓሉ ማግስት ውሻው ምግብ አልነካም ሲል ነው። ስለዚህ የሃይማኖቱንም፣ የኩሽናውንም፣ የግቢውንም እዚህ አንድ ላይ አድርገነዋል። የጻፍነው ለጎንደር ቤት ነው። ሌላ አካባቢ ያላችሁም የሚሆናችሁን ውሰዱ።

ገና ታኅሣሥ 29 ነው ወይስ 28?

29 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ላይ ይከበራል። 2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር። ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚያርፍ ውጭ ያሉ ልጆች ቀኑ አይጠፋባቸውም። የሚጠፋባቸው ሰዓቱ ነው። ቅዳሴ መሃል ስልካችሁ እንዳይጮህ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ሥጋ ይበላል?

ይበላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም ይፈሰካል። በምትኩ ዋዜማው በገሃድ ይጾማል። በ2020 ዓ.ም. ገና ዓርብ ስለሚውል ይሄ ጥያቄ ያኔ በየቤቱ መነሳቱ አይቀርም።

ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም የሚፈታው ሌሊት ቅዳሴው ሲያልቅ ነው። ድስቱ ሙሉ ዶሮ ስለሆነ «ጨው ልቅመስ» የሚባል ነገር የለም። እናቶቻችን ይሄን ሁሉ ዶሮ ሳይቀምሱ ነው የሚሠሩት። ጨው በእጅ ይሰፈራል፣ ቁሌቱ በመዓዛው ይታወቃል፣ ቅቤው ወጡ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ሌሊት ሲቀመስ ደግሞ ልክ ሆኖ ይገኛል። እንዴት እንደሚያደርጉት ጠይቀን አጥጋቢ መልስ አላገኘንም፤ «ልጄ፣ ይለመዳል» ይላሉ።

የጎንደር ገና ለምን ጸጥ ያለ ነው? ሰው ሁሉ ላሊበላ ሄዶ ነው?

የሚሄድማ አለ። በላሊበላ ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ ግማሹ ከላይ ከአለቱ ጫፍ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ አንዴ ያየ ሰው መመለሱ አይቀርም። ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። የጎንደር የአደባባይ በዓል ጥምቀት ነው። ገናው የቤት ነው።

ይሄ የኪስም ጉዳይ ነው። በገናና በጥር 11 መካከል ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከውጭም ሰው ይጎርፋል። ያላሰባችሁት የአክስት ልጅ ጓደኞቹን አስከትሎ ፍራሽ ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ ቤት አያያዝ የምታውቅ እመቤት በገና እጇን ትሰበስባለች። ጠላው ለሁለቱም በዓል ታስቦ ይጠነሰሳል። በርበሬና ንጥር ቅቤ ለጥምቀት ተቀንሶ ይቀመጣል። በግ ከታረደ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባት አያስፈልግም፤ ቅርጫ ከተገባ በጉ ለጥምቀት ይቆይ። ሁለቱንም በገና ካላደረግኩ የሚል አባወራ ካለ፣ ጥር 10 ላይ ማን ጋ ብድር እንደሚሄድ ከአሁኑ ያስብበት።

ለቅዳሴ ስንሄድ ቤቱን እንዴት አድርገን እንተወው?

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይነክሳል። ነጠላ ለማማር ነው፤ ለብርዱ ጋቢ ደርቡ። ልጅ የምትወስዱ ከሆነ ካልሲ አትርሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል።

ቤት ለሚቀሩ አረጋውያን ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መውጣት ግን ፈጽሞ አይደረግም። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም። ጭሱ አለቀ ብላችሁ ያስገባችሁት ማንደጃም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ብርድ ልብስ ጨምሩላቸው፣ ሙቅ ውሃ በጎማ መያዣ እግራቸው ሥር አድርጉላቸው።

ሻማም አጥፍታችሁ ሂዱ። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቤት ውስጥ ድመት አለች፤ ሁለቱ ባሉበት የበራ ሻማ አይተውም።

ውሻው ደግሞ ይከተላችኋል። ቀን ቢሆን መንገዱን ያውቀዋል። በዚያ ሌሊት ግን በየሰፈሩ ሰው ይወጣል፣ የሌላ ሰፈር ውሾች ይገጥሙታል፣ ተነክሶ ወይ ጠፍቶ ይቀራል። ከመውጣታችሁ በፊት አብሉትና የግቢውን በር ቆልፉ።

ጾም ከፈታን በኋላ ሆዳችን የሚታወከው ለምንድን ነው?

ከአርባ ቀን በላይ ቅባትና ሥጋ ያላየ ሆድ በሌሊት ቅቤ የጠጣ ዶሮ ሲወርድበት ምን ያድርግ? ቤተሰቡ ሲመለስ ተልባ አዘጋጁ። የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በውሃ በጥብጦ፣ ትንሽ ማር ጨምሮ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ሰው ሆድ ያለሰልሳል ይላል። ከዚያ በትንሹ ብሉ። ቀኑ ረጅም ነው። ጎረቤትም «እስቲ ከእኔም ቅመሱ» ሳይል አይቀርም። ጨጓራ ያለበት ሰው ጠላና አረቄውን ባዶ ሆዱን አይጀምር።

ውሻችን በየዓመቱ በገና ማግስት ይታመማል። መተት ነው?

መተት አይደለም። የውሻውም ሆድ እኮ ጾም ነው የከረመው። እናንተ ሽሮና ምስር ስትበሉ እሱም ፍርፋሪውን በልቶ ነው የቆየው። በአንድ ቀን ጮማ፣ አጥንትና የድስት ቂጥ ሲደፋለት ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። እንግዳ ሁሉ ደግሞ ጎርሶ የተረፈውን ይወረውርለታል። ማን ምን እንደሰጠው የሚቆጥር የለም።

ሦስት ነገር ለዩ።

የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሰጥም። ጥሬው ይለመጣል፣ የበሰለው ግን ተሰንጥሮ ይሾላል። ጉሮሮ ላይ ይሰካል ወይም አንጀት ይበሳል። «ድሮ ሲበላ ነበር የኖረው» የሚል ሰው አይጠፋም። ድሮም ሲሞት ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

የወጥ ቁሌት አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሽ አካሉ ሽንኩርት ነው። በአንዲት ጉርሻ አይወድቅም። ድስት ጠርጎ ከላሰ ግን ከቀናት በኋላ ድካም፣ የድድ መንጣት፣ የሽንት መጥቆር ልታዩ ትችላላችሁ። ያኔ ሐኪም ጋ ነው መሄድ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ውስጥ ሆኖ ውሻን በሎሚ ብቻ ማከም ያሳዝናል።

ሦስተኛው ቸኮሌት ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አይጠፋም። ለውሻ መርዝ ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ ምን ይብላ? ሥጋው ሳይቀመም፣ ጨውም በርበሬም ሳይነካው ትንሽ ቀቅላችሁ ከእንጀራ ጋር ስጡት። እሱም በዓሉን በዓል ይለዋል።

በግ ስናርድ ሳንባና ጉበቱን ለውሻ መስጠት ምን ችግር አለው?

ከሁሉም በላይ ይሄን ጥያቄ አስተውሉት፤ ነገሩ ከውሻው አልፎ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል።

በጉ ተገፎ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ሳንባው ሲወጣ አንዳንዴ ላዩ ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ሲነኩት ውጥር ያለ ነው። ጉበቱም ላይ ይኖራል። ይህ የአንድ የኮሶ ትል ዝርያ እጭ ነው። አራጁ «ይሄ አይበላም» ይልና ቆርጦ ይወረውረዋል። ውሻው አየር ላይ ይቀልበዋል። አለቀ።

ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። ውሻውን አያሳምመውም፣ ስለዚህ ማንም አያውቅም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ግቢው ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይቆርሳል። በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያ የበጉ ከረጢት ቀስ ብሎ፣ ዓመታት ወስዶ ያድጋል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

መከላከሉ ግን ቀላል ነው። ከረጢት ያለበትን የሆድ ዕቃ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ንጹሕ የሚመስለውንም ቢሆን በደንብ ቀቅላችሁ እንጂ ጥሬውን አትስጡ። ውሻው የትል መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ። በዓል ላይ እጅ ማስታጠብ ልማዳችን ነው፤ ልጆቹ ግን ከትልልቆቹ ኋላ ይረሳሉ። እነሱን አስቀድሙ።

በጉን ስንት ቀን ቀድመን እንግዛ? እስከዚያስ?

ዋዜማው ላይ ቅዳሜ ገበያ የሚባለው የጎንደር ገበያ ግፊያ ነው፤ ዋጋውም እንደ ሻጩ ልብ ነው። ጥቂት ቀን ቀድማችሁ ግዙ። ዓይኑ የነቃ፣ አፍንጫው ዝርክርክ ያላለ፣ ኋላው ያልቆሸሸ፣ ሲነዱት የማያነክስ ይሁን። ላቱን አይታችሁ ብቻ አትደሰቱ። ሽንጡን ዳብሱ፤ አጥንቱ እጃችሁን ከወጋ ጠጉሩ ነው የሸወዳችሁ።

ቤት ሲመጣ ውሃና ሣር ስጡት። «ይወፍር» ብላችሁ ገብስና ስንዴ በአንዴ ብትደፉበት ሆዱ ተነፍቶ ሳይታረድ ሊሞት ይችላል። ሊታረድ ሲል ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ ይከልከል፣ ውሃ ግን ይጠጣ። ገመዱ እግሩ ላይ እንዳይጠመጠም እዩት። ውሻው የማይደርስበት ጥግ ላይ እሰሩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽበት ያደረ በግ ይደክማል፣ ጎረቤትም አያስተኛም።

ለዶሮውም ትንሽ እንዘንለት። እግሩን ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከገበያ እስከ ማራኪ ሰፈር መምጣት የለበትም። ካርቶን ብዙ ነው።

ልጄ ከበጉ ጋር ተዋደደች። ስም ሁሉ አውጥታለታለች። ምን ልበላት?

አትዋሹ። «ወደ አገሩ ሄደ» ያላችኋት ልጅ ከሰዓት በኋላ ቆዳውን ግድግዳ ላይ ተወጥሮ ታየዋለች። በጉ ለበዓሉ እንደመጣ፣ እስከዚያ ግን እንዳይጠማውና እንዳይመታ እሷ ኃላፊ እንደሆነች ከመጀመሪያው ቀን ንገሯት። ሲታረድ አክስቷ ቤት ትሂድ። ማየት የማይፈልግ ልጅ አይገደድ፣ «ፈሪ» አይባል። አልበላም ብትልም ዳቦና እንቁላል አለ። መጽሐፉም «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ነው የሚለው። ልጅቷ ምን አጠፋች?

ድመታችን ጾም ትጹም? እኛ ሳንበላ ወተት መስጠት ነውር አይሆንም?

ጾሙ የእናንተ ነው። ድመት ያለ ሥጋ ጤናዋ አይጠበቅም፣ በሽሮ አትኖርም። በጾም የሚከሱ ድመቶች አይጥ ፍለጋ ጎረቤት እየዞሩ የሚጠፉት ለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው በጾም ወራት ቤቱ የፍስክ ሽታ እንዳይገባ ይፈልጋል፤ ይከበራል። ለእሷ ውጭ፣ በራሷ ሳህን ስጧት። በበዓሉ ደግሞ ሥጋውን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከወንበር ከፍ ማለት ከፍታ አይባልም።

ሌላው፣ ትኩስ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ሄዳ ሽንቷን ብትሸና አትደብድቧት። ሣር ያየች መስሏታል። አፈር ያለበት ካርቶን ጓሮ በር ላይ አስቀምጡላት።

ውሻ ቤት ማስገባት ከእምነት ጋር ይጋጫል?

ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ስለ መኖሪያ ቤት ግን ሰው ይለያያል፤ ልባችሁን ከከበዳችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የኛ አስተያየት፦ ጸሎት ከሚደረስበትና ማዕድ ከሚቀርብበት ክፍል ይራቅ፣ ለብርዱ ግን በረንዳ ላይ ማዳበሪያና ጭድ ይነጠፍለት። የከነዓናዊቷ ሴት «ቡችሎችም ከጌቶቻቸው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ ይበላሉ» ብላ ነው የለመነችው። ቡችሎቹ ማዕዱ አጠገብ ነበሩ ማለት ነው።

በሬና አህያው በልደት ታሪክ ውስጥ በእውነት አሉ?

ሉቃስ ወንጌል ሕፃኑ በግርግም መተኛቱን ይናገራል፤ እንስሳቱን በስም አይጠራም። በትውፊት ግን በትንፋሻቸው አሟሟቁት ይባላል። ከዚህም ጋር የኢሳይያስ ቃል ይነሳል፦ «በሬ የገዛውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ»። ለልጆች በዓሉን ስታስረዱ ከዚህ ጀምሩ፣ ቶሎ ይገባቸዋል። ጎንደሬ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ጨምሩለት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አሁንም ቀና ብለን የምናየው በንብ ውለታ ነው።

እንግዳ በውሻችን ቢነከስስ?

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዓል ነው ሳትሉ ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ የሚያድነው ቀድሞ የሚወሰደው ክትባት ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ማንም አይከለክልም፣ ግን ክትባቱ ይቅደም። ውሻውን በንዴት አትግደሉት። አስራችሁ ለ10 ቀን ተከታተሉት፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ያ ራሱ ለሐኪሙ መረጃ ነው።

ይሄ እንዳይመጣ ውሻው ይከተብ። በበዓል ቀን ደግሞ ከመተላለፊያው አርቃችሁ እሰሩት። በር ላይ የታሰረ ውሻ ማምለጫ ስለሌለው ይነክሳል። ጅራት የሚጎትቱ የእንግዳ ልጆችን ደግሞ ወላጆቻቸው ፊትም ቢሆን ገሥጹ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን በምን እናስተናግድ?

ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት በአዲስ ዓለም ሰፈር ያለ ሰው ይሄን አይጠይቅም፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ዳቦ፣ ቡና፣ ፍራፍሬ፣ ለስላሳ። ቅባት ባልነካው ድስት የተሠራ ምስርና ሽሮ። ወይም ዶሮውን በሕይወቱ ስጧቸውና እነሱ አርደው በራሳቸው ድስት ይሥሩት። እንጀራው ሥጋ ካለበት መሶብ አይቀርብ።

የገና ዛፍ ማቆም ኃጢአት ነው?

ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለም። ጌጥ ነው፤ የወደደ ያቁም። ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጽድ አትቁረጡ። ድመት ካለች ብልጭልጩን ክር ተዉት፣ ከዋጠችው አንጀቷን ይቋጥረዋል።

ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ምን ያድርጉ? ስልክ ላይ ተደፍተው ዋሉ።

ሜዳ ይውጡ፣ ገና ይጫወቱ። ቆልማማ ዱላ ከጓሮ አይጠፋም፤ ለሩር የጨርቅ ኳስም ይሆናል። አባቶችም ግቡበት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና ልጃችሁ ቅልጥማችሁን ቢላችሁ ዋጡት። ውሻውን አስቀሩት፣ ሩሩን ይዞ ይጠፋል።

ዘመድ ገጠር ነው፣ መምጣት አልቻለም። ቤታችንም ሐዘን አለበት። እንዴት እናክብር?

ጉዞ ያሰባችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ። መሄድ ካልተቻለ ስልክ ይደወል፣ ድርሻው በሰው ይላክ። ሐዘን ያለበት ቤት ዶሮ ካልሠራ አይፈረድበትም። ጎረቤት ግን ወጥ ጨልፎ ይዞ መሄድ አለበት፣ በትልቅ ሳህን። ፈረሰኛውን የሚበላ አባወራ ባይኖርም ለእናትየው ይቀመጥላት።

የተረፈው ሥጋስ?

መብራት የሚጠፋ ከሆነ ፍሪጅ ላይ አትመኩ። በቀጭኑ ዘልዝላችሁ ጨውና በርበሬ እሹትና ነፋስ ባለበት ስቀሉት። ለጥምቀት እንግዳ ቋንጣ ፍርፍር ይሆናል። ድመቷ እንዳትደርስበት ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ግን ከላይ ነግረናችኋል።